የማናውቀውን ሰው ስንመርጥ



በመድረሳ የሐዲስን ዕውቀት የጀመረ ደረሳ ገና ከመነሻው የሚማረው አንድ ሥርዓት አለ። አንድ ቃል ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተገኘ ነው ተብሎ ሲመጣ የቃሉ ማማር ብቻ አይታይም፤ ማን ከማን ሰምቶ አመጣው ተብሎ የአስተላላፊዎቹ ስም አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከመካከላቸው ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ከተገኘ «መጅሁል» ይባላል፤ ያልታወቀ ማለት ነው። መጅሁል መባል ውሸታም መባል አይደለም፤ ሰውየው ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሚያውቀው እስኪገኝ ድረስ በእርሱ ቃል ላይ ብቻ ማስረጃ አይቆምም። ዑለማዎቹ ለዚህ ሲሉ ከአገር አገር ተጉዘዋል፤ በአስተላላፊዎች ሕይወት ላይም ብዙ ጥራዝ ያላቸው መጻሕፍት ጽፈዋል።

ለአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲህ የሚጠነቀቅ ማኅበረሰብ፣ አምስት ዓመት ሙሉ በስሙ እጁን እያወጣ ሕግ የሚያጸድቅለትን ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ይመርጠዋል። የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ያተኩራል። ዓላማችን የአንዱን ፓርቲ ስም ማንሣት፣ የሌላውን መጣል አይደለም። ድምፅ መስጠት ምስክርነት ነው፤ «ይህ ሰው ለዚህ ሥራ ይሆናል» ብሎ መመስከር ነው። ምስክርነት ደግሞ ያለ ዕውቀት አይሆንም።

በሥነ ዜጋ ትምህርት ጊዜ ተማሪዎቼን፣ ወላጆቻችሁ ሰኔ 14 ቀን 2013 የመረጡትን ሰው ስም ጠይቃችሁ ኑ ብያቸው ነበር። ብዙዎቹ ይዘው የመጡት የምልክት ስም ነው፤ አምፖል ያለ አለ፣ ሚዛን ያለ አለ። የሰው ስም ይዘው የመጡት ጥቂቶች ነበሩ። አንዷ ልጅ ግን፣ «እናቴ ስሙን አላውቀውም፣ ካርዱን ሰጥተውኝ የታዘዝኩት ላይ ነው ያደረግኩት ትላለች» ብላ በግልጽ ተናገረች። ክፍሉ ሳቀ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

ሳናውቅ ምን መረጥን?

ነገሩን በአገራችን ታሪክ እንየው። የ17 ዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ ግንቦት 20 ቀን 1983 የመንግሥት ለውጥ ሆነ። በሰኔ 24 አዲስ አበባ ላይ የሽግግር ጉባኤ ተቀመጠ፤ በሐምሌ የሽግግር ዘመኑ ቻርተር ወጣ፤ 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤትም ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝቡ ለምርጫ ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ ሰኔ 14 ቀን 1984 ለወረዳና ለክልል ምክር ቤቶች፣ ግንቦት 28 ቀን 1986 ለሕገ መንግሥት ጉባኤ፣ በ1987 ደግሞ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች።

የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው የጦርነቱ አቧራ ገና ሳይሰክን ነበር። የኦሮሞ ነፃነት ግንባር፣ መላው አማራ ሕዝብ ድርጅትና ሌሎችም ከውድድሩ ወጡ። በቦታው የነበሩ የውጭ ታዛቢዎች ከጻፉት ችግር አንዱ በብዙ ቦታ የቀረበው ተወዳዳሪ ከአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። የሚወዳደሩ ሰዎች በሌሉበት ደግሞ መራጩ ስለ ዕጩው ለማወቅ የሚገፋው ነገር አይኖርም። አንድ በግ ብቻ የቀረበበት ገበያ ላይ ጥርስ የሚያይ የለም።

ሁለተኛው ምርጫ ከሁሉ የከበደ ነበር። በአቶ ክፍሌ ወዳጆ ይመራ የነበረው ኮሚሽን ያዘጋጀውን ረቂቅ ሕገ መንግሥት መርምሮ የሚያጸድቅ 547 አባላት ያሉት ጉባኤ ነበር የሚመረጠው። አብዛኛውን መቀመጫ ኢሕአዴግ አሸነፈ፤ ጉባኤውም ኅዳር 29 ቀን 1987 ሕገ መንግሥቱን አጸደቀ። በዚያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም ተባለ። በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ተከፈተ፤ በ1992 የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188ም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

ልብ በሉ! የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ፣ የእያንዳንዱ ሙስሊም ቤተሰብ ኒካሕ፣ ፍቺና ውርስ የተወሰነው ግንቦት 28 ቀን 1986 በተመረጡ ሰዎች እጅ ነው። በዚያን ቀን ከተሰለፈው ሕዝብ ስንቱ «የምልከው ሰው ስለ መሬቴ ምን ያስባል? ስለ ኒካሔስ?» ብሎ ጠይቋል? ሕጉ መልካም ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ጉዳያችን ያ ሕግ በማን እጅ እንደወጣ መራጩ ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ነው።

ለእኛ ለምሥራቅ ጎጃም ሰዎች ከዚህ የቀረበ ትምህርትም አለ። በ1987 የተመረጠው የአማራ ክልል ምክር ቤት በ1989 የመሬት ድልደላ አዋጅ አወጣ። ድልደላው በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ሲፈጸም «ቢሮክራሲ» እና «ቅሪት ፊውዳል» የተባሉ ገበሬዎች ይዞታቸው ተቀንሶ ከሌላው ያነሰ መሬት እንዲቀራቸው ተደረገ። የተከፉ ገበሬዎች አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ተጓዙ። መሬት ያልነበረው ወጣት በድልደላው መሬት አግኝቷል፤ ይህም እውነት ነው። ሆኖም የተጎዳውም የተጠቀመውም ነገሩን የሰማው ሜትሩ ማሳው ላይ ሲዘረጋ ነው። አዋጁን ያወጡት ግን ከሁለት ዓመት በፊት ከየወረዳው በድምፅ የሄዱ ሰዎች ነበሩ።

ለምን አላወቅንም?

መራጩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ዕጩን አለማወቅ ሥር ያለው ነገር ነው።

አንደኛው ሥሩ ልማድ ነው። በ1948 በወጣው የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት በ1949 የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ሲደረግ ፓርቲ አልነበረም፤ ለዕጩነት ደግሞ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በብዙ ቦታ ባላገሩ ዕጩውን በደንብ ያውቀዋል፤ የሚያርስለት ባለ መሬቱ ነውና። ዕውቀት ነበር፤ እምቢ የማለት አቅም ግን አልነበረም። በደርግ ዘመን ሰኔ 7 ቀን 1979 ለ835 የሸንጎ መቀመጫ ምርጫ ሲደረግ ዕጩዎቹ አስቀድመው በኢሠፓ ወንፊት አልፈው ነበር የሚቀርቡት። እንዲህ ባለ ሥርዓት ያደገ ሰው ምርጫን እንደ ግብርና እንደ ስብሰባ፣ ሲጠሩት የሚሄድበት ግዳጅ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ በዚያው በ1949 የተለየ ነገርም ታይቷል። የአዲስ አበባ መራጮች ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ወደ ፓርላማ ልከዋል፤ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ናቸው። በጠላት ጊዜ ያደረጉትን ትግል፣ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የሠሩትን ሥራ ሰው ያውቅ ነበር። እኅቶች ሆይ፣ ሴት ዕጩ «ማን ናት?» ስትባሉ መልሱ በሥራዋ ይገኛል።

ሁለተኛው ሥር ፍርሃት ነው። በጦርነት የቆሰለ አገር ውስጥ ዕጩው ራሱን ለማሳየት፣ መራጩም ለመጠየቅ ይፈራል። ለዚህ የኢራቅን ነገር እናስታውስ። የአሜሪካ ጦር አገሪቱን ከያዘ በኋላ ጥር 22 ቀን 1997 የሽግግር ምክር ቤት ምርጫ ተደረገ። መቀመጫው 275፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሰፈሩት ዝርዝሮች 111፣ ዕጩዎቹ ከ7 ሺህ በላይ ነበሩ። አገሩ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ስለተቆጠረ መራጩ የሚመርጠው ሰው ሳይሆን ዝርዝር ነበር። እንገደላለን ብለው ስለሰጉ የብዙ ዕጩዎች ስም ምርጫው ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ተደብቆ ቆየ። ሰዉ ሕይወቱን አስይዞ ወጥቶ ጣቱን ቀለም ነከረ፤ የመረጠውን ሰው ስም ግን አያውቅም። በዚያ ዝርዝር ስር የተመረጡት ሰዎች ናቸው የአገሪቱን ሕገ መንግሥት የጻፉት።

በዚያው በእኛ አቆጣጠር 1997፣ ግንቦት 7 ቀን፣ አገራችንም መረጠች። ከምርጫው በፊት በነበሩት ወራት የተወዳዳሪ ፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ከዚያ በፊት ፖለቲካ የማያወራ ሰው ሬዲዮ ከብቦ ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ትምህርት ሲከራከር ተሰማ። የዚያ ምርጫ ፍጻሜ አሳዛኝ መሆኑ፣ በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 ብዙ ነፍስ መጥፋቱ አይረሳም። አንድ ነገር ግን አስተምሮናል፤ ሕዝባችን የማወቅ ዕድል ሲያገኝ ለማወቅ አይሰንፍም።

ሦስተኛው ሥር ርቀት ነው። አንድ የፓርላማ የምርጫ ክልል ብዙ ሕዝብ ይይዛል። ከመርጡለ ማርያም ከተማ ተነሥቶ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ያለውን ቀበሌ ሁሉ ያዳረሰ ዕጩ ስንት ነው? ማንበብ ለማይችል ሰው ምልክት መኖሩ መልካም ነው፤ ድምፁን በራሱ እጅ እንዲሰጥ ይረዳዋል። ክፋቱ ምልክቱ የሰውየውን ቦታ ሲወስድ ነው። ንብ ስብሰባ ላይ አትናገርም፤ አምፖል እጅ አያወጣም፤ ሚዛንም ሲጠሩት «አቤት» አይልም።

የዑመር ሦስት ጥያቄዎች

እንግዲህ ሰውን ማወቅ ምንድን ነው? ለዚህ ከሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) የተላለፈ አንድ ታሪክ ይበቃናል። አንድ ሰው ሊመሰክር ፊታቸው ቀረበ። ዑመር እንደማያውቁትና አለማወቃቸውም እንደማይጎዳው ነግረው፣ የሚያውቀውን ሰው እንዲያመጣ አዘዙት። ከተቀመጡት አንዱ ተነሥቶ እርሱ እንደሚያውቀውና ደግና ፍትሐዊ መሆኑን ተናገረ። ዑመርም ሦስት ነገር ጠየቁት። ሌቱንና ቀኑን፣ መግቢያውንና መውጫውን የምታውቀው የቅርብ ጎረቤትህ ነውን? ሰውየው አይደለም አለ። የሰው ጥንቃቄ በሚታይበት በዲናርና በዲርሃም ተገበያይተሃልን? አልተገበያየሁም አለ። ጠባይ በሚገለጥበት ጉዞ አብረኸው ተጉዘሃልን? አልተጓዝኩም አለ። ዑመር እንግዲያውስ አታውቀውም ብለው፣ ባለ ምስክሩን የሚያውቅህን አምጣ ብለው ሰደዱት። በሌላ ዘገባ ደግሞ ምናልባት መስጊድ ውስጥ ራሱን ሲያቀናና ሲደፋ አይተኸው ይሆናል የሚል አለበት።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ወደ ምርጫ እናምጣቸው።

የመጀመሪያው ጉርብትና ነው። ዕጩውን እኛ ባናውቀው ጎረቤቱ ያውቀዋል። ቢቸና የሚኖር ከሆነ የቢቸና ሰው፣ ሞጣ የሚኖር ከሆነ የሞጣ ሰው ወደ ገበያ ይመጣል፤ ይጠየቅ። ከሚስቱ ዘመዶች፣ ከአሠራው ሰው፣ በተለይም ሃይማኖቱ ከእርሱ ከተለየ ጎረቤቱ ጋር እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ ለእኛ ትርፍ ወሬ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በጎረቤታችን ሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ወድመዋል። አንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ምርጫ ሆነ። በዚያን ጊዜ ድምፅ የጠየቀን ማንኛውንም ዕጩ «በዚያች ቀን የት ነበርክ? ማግስቱንስ ምን ተናገርክ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር። ዕጩው ሙስሊም ከሆነም ጥያቄው አይቀርለትም፤ «ነገ የጎረቤትህ ቤተ ክርስቲያን ቢነካ ምን ታደርጋለህ?» ይባል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ የሌለው ሰው ጎረቤትን አያውቅም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የዕድር ገንዘብ ይዞ ያውቃል? የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ፣ የማዳበሪያ ዕደላ፣ የእርዳታ እህል በእጁ አልፏል? ሲያስረክብ ሒሳቡ ተገጣጠመ ወይስ ተድበሰበሰ? የእህል ነጋዴ ከሆነ ሚዛኑ እንዴት ነው? ለአንድ ኩንታል ጤፍ ያልታመነ ሰው ለወረዳ በጀት አይታመንም። ይህን ለማወቅ ደግሞ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ገበያ የሚውሉ እናቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሦስተኛው ጉዞ ነው። ጉዞ ስንቅ የሚያልቅበት፣ እግር የሚደክምበት፣ የተሸፈነ ጠባይ የሚወጣበት ነው። በእኛ ዘመን ሁላችንም አብረን የተጓዝነው ረጅም ጉዞ አለ፤ እርሱም ጦርነት ነው። በጥቅምት 2013 የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት እስከ ጥቅምት 2015 ዘለቀ። ዓመት ሳይሞላ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ሰውየው ምን ሆነ? ተፈናቃይ ሲመጣ ደጁን ከፈተ ወይስ የቤት ኪራይ ጨመረ? ሰው ሲታሰር ወይም ሲሞት ለእውነት ቆመ ወይስ በንግግሩ እሳት ጨመረ? ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለልጆቹ ተጨነቀ ወይስ የራሱን ልጆች ብቻ ወደ ሌላ ከተማ አሻገረ? ጦርነት ያላሳየውን ጠባይ የምርጫ ቅስቀሳ አያሳየውም።

የመስጊዱንም ነገር አንርሳ። ለምርጫው ሁለት ወር ሲቀር በጁሙዓ የፊት ሰፍ ላይ የሚታይ፣ ወይም በበዓል ቀን በጀማዓው መካከል ፎቶ የሚነሣ ሰው አይጠፋም። ሶላቱ በእርሱና በጌታው መካከል ነው፤ አላህ ይቀበለው። ለእኛ ግን የማወቂያ ሚዛን አይሆነንም። «የእኛ ልጅ ነው»፣ «የእኛ ሃይማኖት ነው»፣ «የእኛ ወገን ነው» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ዘመዱ መሆን ስሙን ማወቅ ነው፤ አማናውን ማወቅ ግን ሌላ ነው።

ሁለት መልስ የሚሹ ክርክሮች

ይህን ስንል አንዳንድ ወንድሞች «አንድ ሰው ምን ሊያመጣ? ወሳኙ ፓርቲው ነው፤ ዕጩው ፓርቲው ያዘዘውን ይፈጽማል» ይላሉ። ክርክሩ ጉልበት አለው። መንግሥት የሚመሠርተው አብላጫ መቀመጫ ያለው ፓርቲ ወይም ጥምረት ስለሆነ የፓርቲውን ፕሮግራም ማወቅ የግድ ነው፤ የሰውየው ደግነት ብቻ አይበቃም። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደሆነ ይደነግጋል። ኅሊና ደግሞ የሰው እንጂ የፓርቲ አይደለም። በዚያ ላይ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ አለ። የጉድጓድ ውኃው፣ የጤና ጣቢያው፣ የመሬት ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። እዚያ የሚቀመጠውን ሰው አላውቀውም የሚል ማመካኛ የለውም፤ ቤቱ ከመስጊዱ ድምፅ አይርቅም።

ሌሎች ደግሞ «ጠያቂ ይፈረጃል፤ በዚህ ጊዜ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?» ይላሉ። ይህን ቀላል አድርጎ ማለፍ አይገባም። ጠብመንጃ በሚሰማበት አካባቢ ዕጩን «የት ነበርክ?» ማለት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድም። ተገድዶ ሳያውቅ የመረጠ ሰው ኃጢአቱ የእርሱ አይደለም፤ ተጠያቂው ሰው በሰላም ጠይቆ የማይመለስበትን ምርጫ የሚያዘጋጅ ነው። ለዚህም ነው በጦርነት ውስጥ ያለ አገር ስለ ምርጫ ቀን ከመነጋገሩ በፊት ስለ ሰላም መነጋገር ያለበት። ስም የሚደበቅበት ምርጫ ምን እንደሚመስል ኢራቅ አሳይታናለች። ሆኖም አደባባይ ላይ መጠየቅ የሚያስፈራ ከሆነ ጓዳ ውስጥ ማጣራት ይቀራል፤ ከጎረቤት፣ ከገበያ፣ ከዕድር የሚገኘውን እውነት የሚከለክል የለም።

በቤታችን

አባቶች ሆይ፣ ሕገ መንግሥቱ ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ሁሉ፣ ለወንድም ለሴትም፣ ድምፁን በምስጢር የመስጠት መብት ሰጥቷል። ሚስትና ልጅ ድምፃቸውን የሚሰጡት በራሳቸው ምስክርነት ነው። አንድ ሰው ለሌላው ምስክርነት አይውልም፤ ባልም ለሚስቱ እንደዚሁ። ስለዚህ «እዚህ ላይ አድርጊ» ከማለት ይልቅ «ስለዚህ ሰው ምን ሰማሽ?» ማለት ይበጃል። እርሷ ከጎረቤት ሴቶች የሰማችውን እናንተ ላትሰሙት ትችላላችሁ።

እናቶች ሆይ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ» አትበሉ። ሰርግና ለቅሶ ላይ ሰው ሲፈተን የምታዩት እናንተ ናችሁ። የምትመርጡትን ሰው ስም በቃላችሁ ያዙ፤ ምልክቱን ስሙን ካወቃችሁ በኋላ አስታውሱት።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። የዕጩዎች ዝርዝር ይፋ ሲሆን ገልብጣችሁ ወደ ቤት ውሰዱት። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ሦስት ቦታ ክፈቱ፤ ጉርብትና፣ ገንዘብ፣ ጉዞ ብላችሁ። ከእራት በኋላ ለቤተሰቡ እያነበባችሁ የታወቀውን ሙሉ፤ ያልታወቀውን ባዶ ተዉት። ወሬን ከዕውቀት ለዩ፤ «እንዲህ ይባላል» የሚለውን «እኔ አይቻለሁ» ከሚለው ጋር አታደባልቁት። በስልክ የሚዞር ስድብ በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም፤ የማያውቁትን ሰው ማጥላላትም በሐሰት መመስከር ነው። ከየትኛውም ስም ፊት ሦስቱም ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ያ ሰው ለእናንተ መጅሁል ነው።

በመጨረሻም አንድ ብዙ ያልተነገረለት ሕግ እናስታውስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7፣ አንድ የምክር ቤት አባል የመረጠውን ሕዝብ አመኔታ ካጣ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ሊወገድ እንደሚችል ይናገራል። አመኔታውን አጣ ለማለት ግን አስቀድሞ አመኔታ ተሰጥቶት መሆን አለበት። ስሙን የማናውቀውን ሰው «አማናችንን አላደረሰም» ብለን ልንጠይቀው አንችልም፤ እርሱም የማያውቁትን መራጮቹን አይፈራም። ዕጩን ማወቅ ለምርጫው ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ላሉት አምስት ዓመታት የሚያገለግለን ለዚህ ነው። ስሙን የያዝን እንደሆነ በአምስቱም ዓመት ደጁን ማንኳኳት እንችላለን።

አላህ አማናን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን፤ ለአገራችንም ሰላም ይስጥልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።